ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና ያልተዘጋው ጥያቄ



ባለፈው ሳምንት ከእኛ ከአዘጋጆቹ አንዱ ለአንድ ተራ ወረቀት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። በሁለተኛው ቀን ማኅተሙ ተቆልፎበታል ተባለ። በሦስተኛው ቀን ነገ ና ተባለ። በአራተኛው ቀን አብረውት ሰልፍ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ የሻይ ሳይል እንዲህ መመላለሱ እንዳሳዘናቸው በሹክሹክታ ነገሩት። ልጁ የሻይ አልሰጠም። ወረቀቱንም ይዞ አልተመለሰም።

ማታ ሻይ ክበብ ተሰብስበን ነገሩን ስናወጋ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን ጥፋቱ የሰውዬው ነው፣ ምግባር የሌለው ሰው ነው አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ሰውዬውን ብታነሱት የሚተካውም ያንኑ ያደርጋል፣ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው አልን። ከመምህሮቻችን አንዱ ይህን ሲሰሙ ፈገግ አሉና፣ ይኸው ክርክር ከመቶ ዓመት በፊት በአንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ብዕር በሰፊው ተጽፏል ብለው አስገረሙን። እኛም መጻሕፍት ቤት ገብተን ያገኘነውን ይዘን ቀረብን። የሰውዬው ስም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይባላል።

ከዓድዋ እስከ በርሊን

ገብረ ሕይወት የተወለዱት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በዓድዋ አካባቢ ነው። ገና ዳዴ ከማለት ሳይወጡ አገሩን ክፉ ቀን መታው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፤ ዝናብ ጠፋ፤ አንበጣ የተረፈውን በላ። በሬ የሌለው ገበሬ ሞፈሩን ሰቅሎ ተሰደደ። በዚያ ላይ የጦር ሠራዊት ባለፈበት ሁሉ የገበሬውን ጎተራ እያራገፈ ይበላ ነበር። ገብረ ሕይወት በኋላ ስለ ድህነት ሲጽፉ ከሰው አፍ የሰሙትን ብቻ አልጻፉም። ልጅነታቸው በዚያ ዘመን ውስጥ ነው ያለፈው።

በልጅነታቸው ምጽዋ አጠገብ ወደነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። እንደሚተረከው አንድ ቀን ከጓደኞቻቸው ጋር ወደቡ ላይ የቆመች የጀርመን መርከብ ለማየት ወጡ። መርከቧ ስትንቀሳቀስ አልወረዱም። መልሕቅ ተነሣ፣ ምጽዋ ከኋላ ቀረች፣ ልጁም ባሕር ተሻገረ። የመርከቡ አዛዥም ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ አደራ ሰጣቸው። ቤተሰቡ አሳድጎ አስተማራቸው። ጀርመንኛውን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያዙት፤ በኋላም በርሊን ገብተው ሕክምና ተማሩ።

እስቲ ልብ እንበል። በዚያ ዘመን አንድ የዓድዋ ልጅ በርሊን ተቀምጦ ምን ያያል? የተማረ ሕዝብ ያያል። በየወሩ ደመወዝ የሚቆረጥለት ጸሐፊ ያያል። ገበሬው በዓመት ስንት እንደሚከፍል አስቀድሞ የሚያውቅበት ግብር ያያል። ንጉሡ የራሱ ሀብት እንዳለው፣ የመንግሥት ገንዘብ ግን ሌላ መዝገብ እንዳለው ያያል። ከዚያ አገሩን ያስባል። ሁለቱን ማወዳደሩ ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው የኖረ ሥራ ሆነ።

ቤተ መንግሥትና ስደት

ተምረው ሲመለሱ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ነገር ይወዱ ነበር። የምድር ባቡሩ ሥራ ተጀምሯል፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ተሹመዋል፤ ከአዲስ አበባ ወደዚህ ወደ እኛ አቅጣጫ እስከ አዲስ ዓለም መንገድ ወጥቷል። ይሁን እንጂ ወዲያው ምኒልክ በጽኑ ታመሙ። ንጉሥ ሲታመም ቤተ መንግሥት ይታመማል። መኳንንቱ በየጎራው ተሰለፉ፤ ሹክሹክታና ጥርጣሬ በዛ። ገብረ ሕይወትም ሽኩቻው ውስጥ ቦታ አጡና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ከዚያም ታመው ኤርትራ ውስጥ ሆስፒታል ተኙ።

ታሞ አልጋ ላይ የተኛ ስደተኛ ብዙ ጊዜ ያማርራል ወይም ተስፋ ይቆርጣል። እሳቸው ብዕር አነሡ። በ1904 ዓ.ም. አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተሰኘው ጽሑፋቸው አስመራ ውስጥ ታተመ። ጽሑፉ ያለፉትን ነገሥታት ሥራ መዝኖ፣ በኋላ ሥልጣን ለሚይዘው ለወጣቱ ልጅ ኢያሱ ምን መደረግ እንዳለበት ይዘረዝራል። ያን ጊዜ የነገሥታት ታሪክ ማለት ውዳሴ ነበር። የገብረ ሕይወት ጽሑፍ ግን ሂሳብ ይጠይቃል።

ያዩት በሽታ ምን ነበር?

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። በዚያ ዘመን ሹም ደመወዝ የለውም። ወታደርም ደመወዝ የለውም። መንግሥት ለሹሙ የሚሰጠው ገንዘብ ሳይሆን አገርና ገበሬ ነው። ገባሩ እህሉን ይሰፍራል፣ ማሩን ያገባል፣ እንጨት ይሰብራል፣ አጥር ያጥራል፣ የሹሙን እርሻ ያርሳል። እዚህ እኛ ባለንበት በሜጫና በጅባት አገር አያቶቻችንና ቅድመ አያቶቻችን ይህን ሥርዓት በጀርባቸው ተሸክመውታል። አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ጊንጪ፣ አዲስ ዓለም እየተባለ በተዘረጋው አገር ያለ አንድ ሽማግሌ ብትጠይቁ፣ ከአባቱ የሰማውን ይነግራችኋል።

ደመወዝ የሌለው ሹም ታዲያ በምን ይኑር? ከተሾመበት ይበላል። ሹመቱ ነገ ይነሣ ከነገ ወዲያ አያውቅም፤ ስለዚህ ፈጥኖ ይበላል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው የአገራችን ተረት ከዚህ ኑሮ የበቀለ ነው። ተረቱ የሚሣለቀው በሌባው ሳይሆን ባልሰረቀው ላይ መሆኑን አስተውሉ። ኅብረተሰቡ ራሱ ያልበላውን ሹም እንደ ሞኝ ማየት ከጀመረ፣ በሽታው ከአንድ ሰው ምግባር አልፏል ማለት ነው።

ዳኝነቱም እንደዚያው ነበር። ባለጉዳይ ባዶ እጁን ወደ ሹም ደጅ አይሄድም። እጅ መንሻ ይዞ ይሄዳል። እጅ መንሻ በባህሉ አክብሮት ነው፤ ጉቦ ደግሞ ነውር ነው። ነገር ግን አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ማን ይለየዋል? ሁለት ተከራካሪ አንዱ በግ፣ ሌላው ሰንጋ ይዘው ቢመጡ ፍርዱ ወዴት እንደሚያዘነብል ለመገመት ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልግም።

ኬላውን ደግሞ እንመልከት። ከወለጋ የሚነሣ ነጋዴ ቡናውን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ በዚሁ በእኛ አገር ነው የሚያልፈው። ዛሬ አውቶቡስ በጥቂት ሰዓት የሚጨርሰውን መንገድ ያን ጊዜ ቅፍለቱ ብዙ ቀን ይጓዝበት ነበር። በየመንገዱ ደግሞ ኬላ አለ። በየኬላው ያስቆሙታል፣ ያስፈቱታል፣ ይቀርጡታል። የንግዱ ሹም ነጋድራስ ይባላል። ነጋድራሱ በዓመት ይህን ያህል ለንጉሡ አገባለሁ ብሎ ይሾማል፤ ከዚያ በላይ የሰበሰበው የራሱ ነው። እንግዲህ ብዙ በቀረጠ ቁጥር ይከብራል። ነጋዴው ደግሞ የተቀረጠውን ሁሉ በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምራል፤ በመጨረሻ የሚከፍለው ገበያ የወጣው ድኻ ነው።

ገብረ ሕይወት ያስተዋሉት ይህን ነው። ሹሞቹን አንድ በአንድ ስም እየጠሩ አልሰደቡም። ሹሙን ሌባ የሚያደርገውን አሠራር ገለጡ። ለዚህም መድኃኒት ነው ያሉትን አስቀመጡ። የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ሀብት ይለይ አሉ። ሹምና ወታደር ቁርጥ ደመወዝ ያግኝ አሉ። ግብር በቁርጥ ተወስኖ በገንዘብ ይከፈል፣ ገበሬው ዕዳውን አስቀድሞ ይወቅ አሉ። ሕግ ተጽፎ ዳኛው በዚያ ይፍረድ እንጂ በመሰለው አይፍረድ አሉ። አንድ ዓይነት ገንዘብ በአገሩ ይዋል፣ ጉምሩኩ ይስተካከል፣ ሰው ሁሉ በሃይማኖቱ አይነካ አሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትምህርት ይስፋፋ አሉ። ያልተማረ ሕዝብ የተበደለውን እንኳ ቆጥሮ ማወቅ አይችልምና። እንደ ምሳሌ የጠቀሱት ጃፓንን ነው። ጃፓን በአጭር ዘመን ነቅታ ከኃያላን ተርታ የቆመችው በእውቀትና በሥርዓት ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ተቺው ጉምሩክ ላይ ተቀመጠ

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ሥራ ተሰጣቸው። መጀመሪያ የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ተሾሙ። የጉምሩኩን አሠራር የተቹት ሰው ጉምሩክ ላይ ተቀመጡ ማለት ነው። ድሬዳዋ ደግሞ እንደ ማንኛውም ኬላ አልነበረችም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ የአገሩ የውጭ ንግድ ዋና በር ሆና ነበር። ወርቅ በሚፈስበት በር የተቀመጠ ሹም እጁን ማርጠብ ቢፈልግ ምንጩ ቅርብ ነው።

ከዚያ በር ሆነው የንግዱን ሌላ ገጽታም አዩ። ቡናና ቆዳ ይወጣል፤ ጨርቅ፣ ጠመንጃና መጠጥ ይገባል። ኢትዮጵያዊው ብዙ ቀን የደከመበትን ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ፣ የውጭው ፋብሪካ በጥቂት ሰዓት የሠራውን ይገዛል። ስለዚህ ባቡር መግባቱ ብቻውን አያበለጽገንም፤ እውቀት ከሌለን ባቡሩ ሀብታችንን በፍጥነት የሚያወጣ ይሆናል የሚል ሥጋት አደረባቸው። ሁለተኛውና ትልቁ መጽሐፋቸው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ይህን ሐሳብ ያብራራል። የአገር ሀብት ምንጩ ሥራና እውቀት መሆኑን፣ የገበሬውን ትርፍ ጦረኛና ሹም በበላው ቁጥር አገሩ ለነገ የሚያጠራቅመው ነገር እንደማያገኝ ያስረዳል።

መጽሐፉን ታትሞ ግን አላዩትም። በሰኔ ወር 1911 ዓ.ም. ዐረፉ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው። ከመካከላችን ብዙዎቹ እዚያ ዕድሜ ለመድረስ አሥር ዓመት እንኳ አይቀረንም። መጽሐፉ አዲስ አበባ ውስጥ የታተመው ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው።

ከእሳቸው በኋላ

ሰውዬው ሞቱ እንጂ ጥያቄው አልሞተም። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ ገዥዎች ከመንግሥት ደመወዝ እንዲያገኙ አደረገ። ከሕመማቸው አልጋ ላይ ሆነው ካሳሰቡት አንዱ ከ30 ዓመት በኋላ ሕግ ሆነ ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የባላባትና የጭሰኛን ግንኙነት አፈረሰ።

ታዲያ ደመወዝ ሲመጣ ጉቦ ጠፋ? አልጠፋም። ይህን በቅንነት መናገር አለብን። በ1966 ዓ.ም. ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ ከጥያቄዎቹ አንዱ የባለሥልጣናቱ ሀብት ይመርመር የሚል ነበር። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ነገር ግን ምርመራው ፍጻሜ ሳያገኝ፣ ፍርድ ቤት ሳይፈርድ፣ በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ሰዎች በአንድ ሌሊት ተረሸኑ። ያን ሌሊት ከሰዎቹ ጋር ሌላም ነገር ተቀብሯል። መዝገቡ ተመርምሮ፣ ጥፋተኛው ተለይቶ፣ ንጹሑ ነጻ ወጥቶ ሕዝቡ እውነቱን የሚያውቅበት ዕድል ተቀበረ። ገብረ ሕይወት የጠየቁት የተጻፈ ሕግ እንጂ ጥይት አልነበረም።

በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቋመ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው በአዋጅ ተደነገገ። ሕጎቹ መልካም ናቸው። ሆኖም ከእኛው አፍንጫ ሥር ጊንጪ ላይ በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. የሆነውን ማን ይረሳል? የትምህርት ቤት ሜዳና የጭልሞ ደን ለባለ ሀብት ሊሰጥ ነው በሚል ተማሪዎች ወጡ። ተቃውሞው ከጊንጪ አልፎ አምቦንና መላውን ኦሮሚያ አዳረሰ፤ ብዙ ወጣት ሕይወቱን አጣ። በኋላ መንግሥት ራሱ የመልካም አስተዳደር ችግር አለብኝ ብሎ ለማመን ተገደደ። መሬት ማን ለማን በስንት እንደሚሰጥ ሕዝቡ የሚያይበት መዝገብ ክፍት ባልሆነበት አገር፣ ጥርጣሬ ቀስ በቀስ ወደ ቁጣ፣ ቁጣውም ወደ ደም ይደርሳል።

በዚህ ነገር እኛ ብቻ አይደለንም። ህንድን እንውሰድ። በራጃስታን ግዛት የቀን ሠራተኞችና ገበሬዎች በመንግሥት ሥራ ላይ ለፍተው ደመወዛቸው ተቆራርጦ ይደርሳቸው ነበር። በ1980ዎቹ ዓ.ም. እነዚህ ሰዎች ብልህ ዘዴ አገኙ። የክፍያው መዝገብ በአደባባይ፣ በሕዝብ ፊት ይነበብልን አሉ። ሲነበብ ያልሠራ ሰው፣ የሞተ ሰው እንኳ ሳይቀር እንደተከፈለው ተጽፎ ተገኘ። ያ የመንደር ጥያቄ እያደገ ሄዶ በ1997 ዓ.ም. ለመላው ህንድ የመረጃ ማግኘት መብት ሕግ ሆነ። ሙስናው ህንድ ውስጥ ዛሬም አላለቀም። ግን ማንበብ የማይችል ሠራተኛ እንኳ መዝገቡ ጮክ ተብሎ ሲነበብለት የተሰረቀውን ያውቃል። መዝገብ ይለይ፣ ሂሳብ ይታወቅ ያሉት የእኛው ነጋድራስ ይህን ቢሰሙ ደስ ባላቸው ነበር።

ለእኛስ?

እንግዲህ ወደ ሻይ ክበቡ ክርክር እንመለስ። ጥፋቱ የሰው ነው ወይስ የአሠራር? የገብረ ሕይወትን ሕይወት ካነበብን በኋላ መልሳችን ሁለቱም ነው። አሠራር ካልተስተካከለ ደጉም ሰው ይበላሻል። አሠራሩ ተስተካክሎም የሚሠራበት ሰው ካልታነጸ ወረቀት ብቻ ይሆናል። አሠራሩን የሚያስተካክሉት ሕግ አውጪዎች ናቸው። ሰውን የሚያንጸው ግን ማን ነው? እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ዞረ።

ጥቂት ወራት ቆይተን በየወረዳው እንመደባለን። ባኮ የሚደርሰው ባኮ፣ ጅባት የሚደርሰው ጅባት ይሄዳል። የፈተናው ሰሞን አንዲት እናት ዶሮ አቅፈው፣ አንድ አባት አንድ ጣሳ ቅቤ ይዘው በራችን ላይ ይቆማሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። አክብረውን ነው፤ ልጃቸውን ወደው ነው። ከሹም ደጅ ባዶ እጅ አይኬድም የሚለውን ከአያቶቻቸው ወርሰው ነው። እኛም በዚያ ጊዜ ደመወዛችን አልቆ፣ ወሩ አላልቅ ብሎን ይሆናል። የማርክ መስጫው መዝገብ ደግሞ በእጃችን ነው።

ያቺ ደቂቃ የእኛ የድሬዳዋ ጉምሩክ ናት። ዶሮዋን ተቀብለን ማርኩን ብንጨምር፣ ለልጁ ያስተማርነው ትልቁ ትምህርት የሒሳብ ወይም የአማርኛ አይሆንም። ነገር በእጅ መንሻ እንደሚሠራ ነው የምናስተምረው። ያ ልጅ አድጎ መሥሪያ ቤት ሲገባ፣ ባለጉዳዩን ነገ ና የሚለው ከእኛ የተማረውን ይዞ ነው። እናቲቱን ግን ሳናሳፍር፣ ማዘር ዶሮዋን ለቤትዎ ያውሏት፣ ልጅዎን ማታ ማታ መብራት ለኩሰው ያስጠኑልን ብለን በአክብሮት ብንመልሳቸው፣ መዝገባችንንም ከፍተን ልጃቸው የት እንደደከመ ብናሳያቸው፣ የገብረ ሕይወትን መጽሐፍ አንዱን ምዕራፍ በተግባር አነበብን ማለት ነው።

አንዳንዱ፣ በአንድ ዶሮ አገር አይፈርስም ይለን ይሆናል። እውነት ነው፣ በአንድ ዶሮ አገር አይፈርስም። ነገር ግን ሲሾም ያልበላ የሚለው ተረት ተመልሶ እንዳይነግሥ ከአንድ ቦታ መጀመር አለበት። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ከሆስፒታል አልጋ ጀመሩ። እኛ ከጥቁር ሰሌዳ ብንጀምር ምን ይጎድለናል?

በነገራችን ላይ ያ ጓደኛችን ወረቀቱን ለማግኘት ነገም ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ግን አብረነው የምንሄደው አምስት ነን። የሻይ አንይዝም። የምንይዘው የቀጠሮዎቹን ቀን በቅደም ተከተል የጻፍንበት ማመልከቻ ነው። ውጤቱን በሚቀጥለው እትም እንነግራችኋለን።

አስተያየት ያላችሁ ከጋዜጣው አጠገብ በተሰቀለው ሳጥን ውስጥ ጽፋችሁ ጨምሩልን። ከመምህራንም የሚቃወመን ቢኖር ደስ ይለናል።

ከአዘጋጆቹ